ለአራታችን አንድ መድኃኒት

ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ ሲያወራ ሌሊት ወጣሁ ይላል። ጨረቃ ነበረች ይላል፣ ውሻ ጮኸ ይላል። እኔ ከጉም አምባ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ገብሱ ሳይታጨድ እንደቆመ። ያየኝ አይቶኛል፣ የተሰናበተኝም ተሰናብቶኛል። የኔ ቤት በዚያ ክፉ ጊዜ ተቃጥሏል፣ የእህቴ የትርንጎ ቆሟል። ቤቷ የቆመላት ቀረች፣ ቤቷ የተቃጠለባት ሄደች። ማን አቃጠለው የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ የምጽፈው ስለዚያ አይደለም።

ትርንጎ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የበግ ፀጉር ትፈትል ነበር። አብረሽኝ ነይ አልኳት። ላሟ እርጉዝ ናት አለችኝ። ላሟን ለልጅሽ ለደሳለኝ ተዪለት ብላት፣ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ሁለታችንም ከሄድን የአባታችንን በር ማን ይከፍተዋል?» አለች።

እደውልልሻለሁ አልኳት። ደውዪ አለች፣ እንዝርቷንም ቀጠለች። ደሳለኝ እስከ ዳባት በበቅሎ ሸኘኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በሚኒባስ ነው።

ጎንደር የልጄ ልጅ ሰናይት አለች። ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ የምትኖረው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ በኪራይ ነው። ፀዳ ሙቀት ነው። እኛ አገር ቅቤ ለመቀባት እሳት ዳር ይቀመጣል፣ እዚህ ሳትነኩት ይቀልጣል። ጋቢዬን ለብሼ ስወጣ ሰው ያመመኝ ይመስለዋል። ሰላምታቸውም አጭር ነው። ጉም አምባ ሰው ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ይጠይቃል። እዚህ «ሰላም ነው?» ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ደህና አይደለሁም ብዬ ሞከርኩ፣ «እሺ፣ ሸጋ» ብሎ ያለፈ ሰው አለ።

መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ልጅ መሸኛ ያምጡ አለኝ። መሸኛ ማለት የድሮው ቀበሌ «ሸኝተናታል፣ ተቀበሏት» ብሎ የሚጽፈው ነው።

«የኛ ቀበሌ ቢሮ ተቃጥሏል» አልኩት።

«እንግዲያው መቃጠሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ያምጡ።»

«ከማን?»

«ከቀበሌው።»

ይህን ሲል አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅሁም። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ቢሮው እስኪዘጋ ቆየሁ። በማግስቱም ሄጄ ቁጭ አልኩ። ምን ፈልገው ነው ሲለኝ፣ ከተቃጠለው ቢሮ ደብዳቤ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው አልኩት። ሰው ሁሉ ይሰማል። በመጨረሻ ምስክር ይበቃል ተባለና ተሰጠኝ። ከኋላዬ የነበሩት ተፈናቃዮች ግን ደብዳቤ አምጡ ሲባሉ ሰማሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለኔ ምስክር ከበቃ ለነሱም ይበቃል አልኩ። በኋላ በቃቸው።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የሺ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሕግ ትወዳለች እንጂ። ውሃ የሚቀዳው፣ ልብስ የሚሰጣው እሷ ባለችበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ገብስ ስቆላ ጢሱ የተሰጣ ልብሷን አጠነው ብላ መጣች። ትናንት ያንቺ ሽምብራ የኔን ጋቢ አጥኖታል አልኳት። እኔኮ ባለቤት ነኝ አለች። ጢሱ ባለቤትና ተከራይ ይለያል ወይ ብላት ልብሷን ሰብስባ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም የምንቆላው በአንድ ቀን ነው፣ ልብሱም በሌላው ቀን ይሰጣል። በዚህ ተስማምተን እንኖራለን።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ስልኩ ነበር።

በመጀመሪያ ከትርንጎ ጋር በደሳለኝ ስልክ እናወራ ነበር። ከዚያ ኔትዎርክ ጠፋ፣ ክረምቱን ሙሉ አልነበረም። መስከረም ላይ ተመለሰ ተባለና ስልኬ ጮኸ። ሰናይት አይታ፣ ደሳለኝ ነው፣ አንሺው አለችኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ እጄ ግን አልደረሰም። ደረቴ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ተወ።

ምክንያቱን የአገሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ። በኛ ዘንድ ለራቀ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። የሞተው ሰው ሁሉ ጠበል ሄዷል፣ ወይም ትንሽ አሞት ተሽሎታል፣ ወይም ተኝቷል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሲነጋ ሰዎች ነጠላቸውን ለብሰው ተሰብስበው ይመጡና በር ያንኳኳሉ፣ መርዶው ያኔ ይነገራል። እኔ ራሴ ከመርዶ ነጋሪዎች ጋር ስንት ደጅ ሄጃለሁ። «ጠበል ሄዳለች» ብዬ የመለስኩትም ብዙ ነው። ስለዚህ ደሳለኝ «እማዬ ደህና ናት» ቢለኝ ምን ይጠቅመኛል? ቃሉን አውቀዋለሁ፣ እኔም ስለው ኖሬያለሁ።

ስልኩን በድስት ከደንኩት። ድምፁ እንዳይሰማ በላዩ ጋቢ ደረብኩ። ቀጥሎ በሩን ፈራሁ። ፀሐይ ከፍ እስክትል አልከፍትም፣ መርዶ በጠዋት ነውና። ቅዳሴ ቀረብኝ። ሰናይት አንድ ቀን ስልኩን ከድስቱ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እማማ ትርንጎ ብትሞትም በድስት ተከድና አትድንም» አለችኝ።

ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደረቴን በመሣሪያ አዩት፣ ደሜን አዩት። ሐኪሙ ልብዎ ከኔ ልብ ይሻላል አለ። ታዲያ ምነው ይዘላል ስለው ወደ ሌላ ክፍል ላከኝ። እዚያ ሲስተር ራሔል አለች፣ ገና ልጅ ናት፣ ንግግሯ ግን የረጋ ነው። ቴራፒ የሚሉትን የምትሠራ እሷ ናት። ክኒን የለውም፣ መርፌ የለውም፣ አብሮ ተቀምጦ መነጋገርና መለማመድ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ፣ በግሩፕ።

ግሩፑ ውስጥ አራት ነን። አያ ወርቁ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ ነው፣ ቁጣ ያሸንፈዋል፤ ሚስቱን፣ ጎረቤቱን፣ የቆመ ባጃጅ ሳይቀር ይሳደባል። ሊዲያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ክፍል ውስጥ ድንገት ትንፋሿ እያጠረ የምትሞት ይመስላታል። ወይዘሮ አልማዝ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአልጋ የማትነሳ፣ የማታለቅስ ሴት ናት፤ እህቷ እየጎተተች ታመጣታለች። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

ሲስተር ራሔል ለሁላችሁም ሕክምናው አንድ ነው ስትል እጄን አነሳሁ።

«ይኸ ፍርድ አይደለም» አልኳት። «እሱ ይቆጣል፣ እሷ ታዝናለች፣ ይቺ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እኔ እፈራለሁ። እኛ አገር መድኃኒት አዋቂ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠውን ሥር ለዓይን አይሰጥም። ወይ የሦስታችንን መድኃኒት አታውቂም፣ ወይ መድኃኒት አጥሯችሁ ታካፍሉናላችሁ።»

አያ ወርቁ እውነቷን ነው አለ፣ እሱም ሊቆጣ ምክንያት አገኘ። ሊዲያ ግን ከጥግ፣ ቀስ ብላ፣

«እማማ ደብሬ፣ ቁስቋም ጠበል ሲጠመቁ ውሃው ለየበሽታው ለብቻ ነው እንዴ?» አለች።

«ጠበሉ የእግዜር ነው» አልኳት። «ይኸ የሰው ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ሄጄ አሰብኩበት። ጠበሉ ጋ ማንም ምን አመመሽ ብሎ አይጠይቅም፣ ተራሽን ጠብቀሽ መግባት ብቻ ነው። ተመልሼ የሄድኩት አምኜ አይደለም። አንዲት ልጅ መልስ ስላሳጣችኝ ነው።

ሲስተር ራሔል እንዲህ ብላ አስረዳችን። የበሽታው ስም ይለያይ እንጂ ሥሩ ይመሳሰላል። ክፉ ስሜት ለማንም ይመጣል። አንዱ ይሸሸዋል፣ አንዱ ይጮኽበታል፣ አንዱ ተከናንቦ ይተኛበታል። የምታደርጉት ነገር ለጊዜው ያሳርፋችኋል፣ ቆይቶ ግን ስሜቱን ያደልበዋል። ስለዚህ ስሜቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ለዩ አለች፦ ምን አሰብኩ፣ ሰውነቴ ምን ሆነ፣ ምን አደረግሁ። ሰሌዳ ላይ ክብ ክብ አድርጋ ሣለችው። እኔ ሦስት ጉልቻ ብላ ብታስረዳን ቶሎ ይገባን ነበር አልኳት፣ አንዱ ከተነቀለ ድስቱ አይቆምም። ክቡን አጥፍታ ጉልቻ ሣለች። ጉልቻው ድንች ይመስል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ለያንዳንዳችን ቀጭን የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አደለችን። አፍንጫችሁን ይዛችሁ በዚህ ብቻ ተንፍሱ አለች። ይኸ የሊዲያ ነው አልኩ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት እሷ፣ እኔ ለምን በስትሮ እተነፍሳለሁ? ለአንዱ የሆነ ለሁሉም ነው አለችኝ፣ እርስዎ ፍርድ ይወዱ የለ? በገዛ ዱላዬ መታችኝ። አፍንጫዬን ይዤ ጀመርኩ። አያ ወርቁ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ዓይኑን አፍጥጦ ስትሮ ይጠባል። ጥቂት ቆይቶ ደረቴ ዘለለ፣ ጆሮዬ ጮኸ። ልክ ስልኩ ሲጮህ እንደሚሆነው። ስትሮውን ከአፌ አውጥቼ ዙሪያዬን አየሁ። ስልክ የለም፣ የሞተ የለም፣ ደረቴ ግን ያንኑ አድርጓል። አያ ወርቁ ላብ እየጠረገ ቁጣዬ ሲመጣም እንዲሁ ነው አለ። ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፣ እኔ ይኸ ከብዶኝ ነው የተኛሁት አለች።

ያን ቀን አመንኩ። ማመን ማለት መዳን ግን አይደለም።

ለያንዳንዳችን መሰላል ተሠራልን፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። የአያ ወርቁ የቆመ ባጃጅ ኋላ ዝም ብሎ መቆም ነው። የኔ የመጀመሪያው እርከን ስልኩን ከድስት ማውጣት፣ ቀጥሎ ሲጮህ መስማት፣ ቀጥሎ በሩን በጠዋት መክፈት፣ ከላይ ለትርንጎ መደወል። ስልኩን አወጣሁት። ሲጮህም ሰማሁት፣ አላነሳሁትም። በሩ ላይ ስደርስ ቀረሁ። አንድ ማክሰኞም ሳልሄድ ቀረሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በሌላ አገር የሚሆን አይመስለኝም። ሦስቱ የግሩፕ ጓደኞቼ እማማ ደብሬ ምን ሆና ቀረች ብለው ተመካከሩ። የማርያም ዕለት ነበር። ቅዳሴ ወጥተው፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ የወይዘሮ አልማዝን እህት ጨምረው በጠዋት ፀዳ መጡ። መንገድ ላይ ደግሞ እንዳትደነግጥ ቀስ ብለን እንናገር ተባብለዋል። ወይዘሮ የሺ የግቢውን በር ስትከፍት ነጭ የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ሊዲያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እማማ ደብሬ ተነስተዋል? ለብቻቸው ብናገኛቸው» አለች።

ይህን ቃል መርዶ ነጋሪ ሁሉ ይለዋል። ወይዘሮ የሺ ራሷን ይዛ «እኔን! ደብሬ!» ብላ ጮኸች።

ጎረቤት ወጣ። ከዚያም ከዚህም ዋይታ ተነሳ። አንዱ አግዳሚ ይዞ መጣ፣ አንዱ ድንኳኑ ይምጣ ወይ ብሎ የዕድሩን ዳኛ ሊጠራ ሮጠ። እኔ ከውስጥ ነኝ። ሰናይት ሥራ አድራ ገና አልገባችም። ሁሉንም እሰማለሁ።

ሦስቱ ጉልቻ መጣልኝ። ምን አሰብኩ? ትርንጎ ሞታለች። ሰውነቴ ምን ሆነ? የተለመደውን። ምን ላደርግ ነው? አልጋው ሥር ልገባ ነው፣ አንድ እግሬን አጥፌ ነበር። አልጋው ሥር የሰናይት ሻንጣ አለ፣ አያስገባም። ብገባስ? ትርንጎ ከሞተች አልጋ ሥር ሆኜም ሞታለች። ሰናይት ስለ ድስቱ ያለችው እውነት ነው። ተነስቼ በሩን ከፈትኩት።

«ንገሩኝ» አልኩ። «ቆሜ እሰማለሁ።»

አያ ወርቁን ወይዘሮ የሺ ነጠላውን ይዛ ማን ነው የሞተባት እያለች ትነቀንቀዋለች። መሰላሉን ረሳው።

«ማንም አልሞተም!» ብሎ ጮኸ። «ልንጠይቃት ነው የመጣን! ማንም አልሞተም ብያለሁ!»

ሰዉ ይኼን ሲሰማ ባሰበት። ሊያባብላት ነው፣ ምስኪን፣ እያሉ አለቀሱ። ሊዲያ ግድግዳ ተደግፋ በጭብጧ ውስጥ እንደ ስትሮ ቀስ እያለች ትተነፍሳለች። ወይዘሮ አልማዝ ማንም እንዳልሞተ እያወቀች አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። እህቷ ልታስቆማት ስትል እጇን ያዝኩት። ተያት፣ የራሷን ነው የምታለቅሰው አልኳት። ድንኳን ተዘርግቶላት ያላለቀሰችውን በኔ ደጅ አወጣችው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠ። ሰዎቹ ደግሞ ተነስተው አልሄዱም፣ ተቀምጠዋላ። ቆሎ ቀረበ። ወይዘሮ የሺ ዓይኗን እየጠረገች ሰው ቤት በጠዋት ነጭ ለብሶ አይመጣም ብላ ሕግ አወጣችላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣

«ዛሬ ያለቀስኩትን ያዢልኝ» አለችኝ። «የእውነቱ ሲመጣ ደግሜ አልጮህም።»

«የእውነቱ መጥቶ እንደሆነስ ማን አወቀ?» አልኳት። ሁሉም ትርንጎን ያውቋታል፣ አላየኋትም አልደወልኩላትም፣ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። በሩን ከፍቻለሁ፣ መርዶ ቀርቦልኝ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ቀረኝ? ሊዲያን ስልኩን ከመስኮቱ አምጪልኝ አልኳት። ልደውልልዎ ወይ አለች። ቁጥሩን አውጪልኝ፣ የምጫነው እኔ ነኝ አልኳት።

ጠራ። ግቢው ሁሉ ቆሎ መቆርጠም አቆመ። ደሳለኝ አነሳ። ደብሬ ነኝ አልኩት።

«እትዬ ደብሬ?» አለ። «አንቺ ነሽ? በሕይወት አለሽ?»

«እናትህስ?»

ሲሮጥ ይሰማኛል፣ ውሻ ይጮሃል፣ በር ይከፈታል። የኛ በር ነው፣ ማጠፊያው ሲያቃስት አውቀዋለሁ። ከዚያ የትርንጎ ድምፅ መጣ፣ ቁጣ ነበረው።

«ማን ነው በሙት እህቴ ስም የሚደውል?»

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎ።»

«አንቺ ከሆንሽ የእናታችን ላም ስሟ ማን ነበር?»

«ሻሼ።»

«ወተቷን የደፋው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ፣ የተገረፍኩት ግን እኔ ነኝ። እስካሁን ፍርድ አላገኘሁበትም።»

ያኔ አለቀሰች። ለካ እሷም ዘንድ እንዲሁ ሆኖ ከርሟል። ስልኬ እየጠራ ሳይነሳ ሲቀር ደሳለኝ ሞታለች ብሎ ደምድሟል፣ ለእናቱ ግን ደህና ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው ይላታል። እሷም ቃሉን ታውቀዋለች፣ ስትለው ኖራለች። ልጇ እንዳያዝን ያመነች መስላ፣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ብቻዋን ስታለቅሰኝ ኖራለች። ሁለታችንም ያልሞተ ሰው አልቅሰናል። ይኼንን ለሲስተር ራሔል ስነግራት ልትጽፈው ብዕር አነሳችና አስቀመጠችው።

ላሟስ አልኳት። ወለደች፣ ጥጃዋ ጊደር ሆናለች አለች። ትመጪያለሽ ወይ አለችኝ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ሲከፈት አልኳት። መቼ ይከፈታል ስትል፣ መንገድ ከፋቹ እኔ ነኝ ወይ አልኳት። ከዚያ ያሰብኩትን ነገርኳት። ከእንግዲህ አንዳችን ብንሞት ለሌላችን በዚያው ቀን ይነገር፣ በስልክም ቢሆን። ጠበል ሄደች የሚባል ነገር ይቅር።

«መርዶ በስልክ? ነውር ነው» አለች።

«ነውሩ ይሁን። ፍርድ ነው።»

«ደሳለኝ አፉ አይችልም። ማን ይነግርሻል?»

«ካንቺ የሚሻል ማን አለ?»

«የሞተችው ራሷ ትደውላ» አለችና ሳቀች። የልጅነት ሳቋ ነው፣ አፍንጫዋ ውስጥ የሚቀረው። ልመልስላት ስል ኔትዎርኩ ተቆረጠ።

መንገዱ አሁንም አልተከፈተም። ስልኩ መስኮቱ ላይ ነው። ሲጮህ ደረቴ ያንኑ ያደርጋል፣ ሲስተር ራሔልም ይተውዎታል አላለችኝም፣ ያንሱት ነው ያለችኝ። አነሳዋለሁ። ትርንጎ በገበያ ቀን ኔትዎርክ ወደማይቆረጥበት ኮረብታ ወጥታ ትደውላለች። ማን ልበል እላታለሁ። ነፋሱ ይሰማኛል፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከዚያ ትመልሳለች።

«እስካሁን እኔው ነኝ።»